ቢጫ፣ ነጭ ወይስ ወይን ጠጅ? የአምፖል ቀለምና የቤት ውስጥ ለጋ ቅጠል

ማይክሮግሪን የሚባለው፣ ዘሩ ከተዘራ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች ሲዘረጉ ከሥሩ በላይ ተቆርጦ የሚበላ ለጋ ቡቃያ ነው። ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአምፖል ቀለም ላይ ስለሆኑ የዚህን እትም ዓምድ ለነሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ፌጦና ፍጅል በፕላስቲክ ትሪ ዘርቼ ጓዳ ውስጥ በአንድ ባለ 9 ዋት ቢጫ ኤልኢዲ አምፖል ሥር አስቀምጫለሁ። አምፖሉ ከትሪው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ዘሩ ይበቅላል፤ ግን እንደ ክር ቀጥኖ ይረዝምና በሦስተኛው ቀን ይጋደማል። በነጭ አምፖል ብተካው ይስተካከላል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ነጩ አምፖል ይረዳዎታል። የቡቃያዎ ዋና ችግር ግን ከቀለሙ በፊት የብርሃኑ ማነስ ነው። ባለ 9 ዋት አምፖል ወደ 800 ሉመን (አምፖሉ የሚያወጣው ጠቅላላ ብርሃን መለኪያ) ገደማ ይሰጣል፤ ከ60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ትሪው ላይ የሚያርፈው ከ500 ሉክስ (አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ) አይዘልም። ፌጦና ፍጅል አገዳቸው እንዲጠነክር ከ7,000 እስከ 12,000 ሉክስ፣ በቀን ለ16 ሰዓት ያህል ይፈልጋሉ። የሰው ዓይን ደብዛዛ ብርሃንን ቶሎ ስለሚለምድ ጓዳው የበራ ይመስላል። ቡቃያው ግን ገና ከአፈር እንዳልወጣ ይቆጥረዋል፤ ዘሩ ውስጥ ያለችውን ስንቅ ሁሉ ወደ ላይ ለመመዘዝ ይጨርሳታል።

ግምቱን ትተው ይለኩት። ስልክዎ ላይ የሉክስ መለኪያ መተግበሪያ ይጫኑ፤ ስልኩን ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ቅጠሉ ባለበት ከፍታ ያስቀምጡት፤ መሐሉንና አራቱን ማዕዘኖች አንብበው ይጻፉ። የስልክ ንባብ ከእውነተኛ መለኪያ ጋር ልዩነት ቢኖረውም 500ን ከ8,000 ለመለየት አያንስም። የውጭ አብቃዮች ተክሉ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን በማይክሮሞል ስለሚለኩ ማወዳደር ከፈለጉ፣ በነጭ ኤልኢዲ 10,000 ሉክስ ማለት በካሬ ሜትር በሴኮንድ 150 ማይክሮሞል ገደማ ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ። በገበያ ያለው ነጭ ኤልኢዲ መነሻው ሰማያዊ ነው። 450 ናኖ ሜትር (ናኖ ሜትር የብርሃኑን ቀለም የሚወስነው የሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) አካባቢ ሰማያዊ ብርሃን የምታወጣ ቅንጣት በቢጫ ዱቄት ትለበሳለች፤ ዱቄቱ ከሰማያዊው ከፊሉን ውጦ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ አድርጎ ይመልሰዋል። ልባሱ ከወፈረ አምፖሉ ቢጫ ይሆናል፤ ከሳሳ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነጭ ይሆናል። ካርቶኑ ላይ ያለው የኬልቪን ቁጥር የሚነግርዎት ይህንኑ ነው። በ2700 ወይም በ3000 ኬልቪን ሰማያዊው ከጠቅላላው ብርሃን አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። በ6500 ወደ ሩብ ይጠጋል። 4000 በመካከል ነው።

ይህ ድርሻ ለምን ይጠቅማል? ቡቃያ ሰማያዊ ብርሃንን ብቻ የሚያነብበት ተቀባይ አለው። ሰማያዊው በበቂ መጠን ሲደርሰው አገዳውን ማስረዘም ይገታና ቅጠሉን ወደ መዘርጋት ይዞራል። ወደ መስኮት የሚያጋድለውም በዚሁ በሰማያዊ እየተመራ ነው። ቀዩ ብርሃን (660 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለው) ምግብ ለማዘጋጀት እጅግ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ሲሆን ግን አገዳው ይሰለካል። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ባለ 4000 ወይም ባለ 6500 ኬልቪን ተራ ነጭ አምፖል ሁለቱንም ይዞ ይመጣል።

የምንመክረው አሠራር ይህ ነው። 120 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ የመደርደሪያ ወለል 25 በ50 የሆኑ አራት ትሪዎች ጎን ለጎን ይይዛል። በላዩ 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ባለ 18 ዋት ኤልኢዲ ቱቦዎች አራት ይሰቀሉ፤ በመካከላቸው 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተው። ከቅጠሉ ጫፍ እስከ ቱቦው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። የመደርደሪያው ጀርባና ጎን በነጭ ቀለም ወይም በነጭ ስታይሮፎም ይሸፈን፤ ከላይ ወደ ጎን የሚያመልጠውን ብርሃን ይመልሰዋል። እንዲህ ሲሆን 9,000 ሉክስ አካባቢ ይገኛል። አራቱ ቱቦዎች በአንድነት 72 ዋት ስለሆኑ በ16 ሰዓት 1.15 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በወር 35 ገደማ ይቆጥራሉ። ቆጣሪዎን አይተው ወጪዎን አስቀድመው ያስሉ።

ለጊዜው ያለዎት ያው አንድ አምፖል ከሆነ ነጭ ገዝተው 20 ሳንቲ ሜትር ድረስ ያውርዱት፤ ትሪውንም በግማሽ ያሳንሱ። ትንሽ አምፖል ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ብርሃኑ አራት እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ቱቦ ግን ረጅም ስለሆነ እንዲህ በፍጥነት አይለዋወጥም።

መጋደሉ የብርሃን ብቻ ላይሆን እንደሚችልም ይመልከቱ። ለአንድ 25 በ50 ትሪ ፌጦ ከ12 እስከ 15 ግራም፣ ፍጅል 30 ግራም ይበቃል፤ ከዚያ ከበዛ እርስ በርስ እየተጋፋ በጥሩ ብርሃንም ይረዝማል። የፌጦ ዘር ውሃ ሲነካው እንደ ተልባ ስለሚያዝለገልግ አይዘፍዝፉት፤ እርጥብ አፈር ላይ በትነው በውሃ ርጭት ብቻ ያርጥቡት። ፍጅሉን ለ2 ወይም ለ3 ቀን ጨለማ ውስጥ፣ 2 ኪሎ ያህል ክብደት ጭነውበት ያቆዩት፤ ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል። ከ3 ቀን በላይ ጨለማ ውስጥ ከቆየ በኋላ የሚመጣ አምፖል ግን የረዘመውን አገዳ መልሶ አያሳጥርም። ቢጫ የሆነው ቅጠል ከ1 እስከ 2 ቀን ውስጥ ይለመልማል፤ አገዳው እንደረዘመ ይቀራል።

ጥያቄ፦ «የተክል መብራት» ተብሎ የሚሸጥ ወይን ጠጅ ብርሃን ያለው አምፖል ገዛሁ። ላዩ ላይ 1000 ዋት ይላል። ቅጠሉ ጥቁር መስሎ ይታየኛል። ተበላሽቶብኝ ነው? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ አልተበላሸም። አረንጓዴ ቅጠል አረንጓዴ የሚመስለው ከሌላው ቀለም ይልቅ አረንጓዴውን ስለሚመልስ ነው። አምፖልዎ ቀይና ሰማያዊ ብቻ ስለሚያወጣ የሚመለስ አረንጓዴ የለም፤ ስለዚህ ቅጠሉ ጠቁሮ ይታያል። ጉዳቱ ለተክሉ ሳይሆን ለአብቃዩ ነው። የመጀመሪያው የሻጋታ ነጥብ፣ የቅጠል መገርጣት፣ የአገዳ ግርጌ ቡናማ መሆን፣ እነዚህን ሁሉ በወይን ጠጅ ብርሃን ማየት አይቻልም። ቢያንስ ጠዋትና ማታ አጥፍተውት በነጭ ብርሃን ይመርምሩ።

የ1000 ዋቱን ነገር በቀላሉ ይደርሱበታል፤ ሶኬት ላይ የሚሰካ የዋት መለኪያ ያድርጉበት። እንዲህ ያሉ አምፖሎች ላይ የሚጻፈው ቁጥር ከመስመር የሚስቡት ሳይሆን የውስጥ ቅንጣቶቹ በስም የሚችሉት ድምር ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እውነተኛው ፍጆታ አንድ አሥረኛው ሊሆን ይችላል። ለአንድ የ120 በ50 መደርደሪያ ወለል የሚያስፈልግዎ ከመስመር የሚሳበው ከ60 እስከ 80 ዋት ነው። ወይን ጠጅ አምፖልን በስልክ ሉክስ መለኪያ አይፍረዱበት። ሉክስ የሰው ዓይን በሚያይበት ሚዛን የሚለካ ስለሆነ ቀይና ሰማያዊን አሳንሶ ያነባል፤ ንባቡ ለነጭ ብርሃን ብቻ ይሠራል።

ሌላው መጠንቀቂያ በ730 ናኖ ሜትር አካባቢ የሚወጣው ሩቅ ቀይ (far-red) ነው። ዓይን ብዙም አያየውም፤ ቡቃያው ግን በሌላ ተክል ጥላ ሥር እንዳለ ስለሚቆጥረው ተሻምቶ ወደ ላይ ይዘረጋል። ለአበባና ለፍሬ የሚፈልጉት አሉ። ለማይክሮግሪን ግን አያስፈልግም፤ ካርቶኑ ላይ 730 ከተጻፈ ይተዉት።

አንድ የተለመደ ስህተትም አለ፤ «ቅጠል አረንጓዴን ስለሚመልስ አረንጓዴ ብርሃን ከንቱ ነው» ይባላል። ቅጠል ከሚደርሰው አረንጓዴ ብርሃን አብዛኛውን ይይዘዋል፤ ደግሞም ከላይኛው ቅጠል አልፎ ወደ ታችኞቹ ይዘልቃል። በነጭ አምፖል ውስጥ ያለው አረንጓዴ ገንዘብዎን አልበላውም።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ላለ ሆቴል ቀይ ጥቅል ጎመንና ሐምራዊ ፍጅል አቀርባለሁ። ሆቴሉ ደማቅ ሐምራዊ ይፈልጋል፤ የኔ ግን ወደ አረንጓዴ ያደላል። መብራቴ አራት ባለ 3000 ኬልቪን ቱቦ ነው።

መልስ፦ እዚህ ላይ ቀለም በእርግጥ ወሳኝ ነው። ሐምራዊው አንቶሲያኒን የሚባል ቀለም ነው። ቡቃያው የሚሠራው ጠንካራ ብርሃን፣ በተለይ ሰማያዊ፣ ሲያርፍበት ነው፤ ብርድም ያበዛዋል። በፈረንጆች 2013 ከአሜሪካ የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በብሮኮሊ ቡቃያ ላይ ባወጡት ሥራ፣ ከመቆረጡ በፊት ለ5 ቀን ያህል ሰማያዊ ብርሃን ማግኘቱ የቅጠሉን ካሮቲኖይድ (ቢጫና ብርቱካናማ ቀለሞች) እና ለጎመን ወገን ተክሎች የሰናፍጭ ጣዕም የሚሰጡ ውህዶችን ከፍ አድርጎታል። ስለዚህ ሰማያዊውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማብዛት አያስፈልግም፤ ከመቆረጡ በፊት ያሉት ቀናት ዋናዎቹ ናቸው።

ከአራቱ ቱቦዎች ሁለቱን በ6500 ኬልቪን ይተኩ፤ ይህ በቋሚነት ይሁን። ከዚያ ለመጨረሻዎቹ ከ3 እስከ 5 ቀናት የሚሆን ባለ 12 ቮልት ሰማያዊ የኤልኢዲ ሪባን (450 ናኖ ሜትር አካባቢ) በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ይለጥፉ። ሪባኑ ሙቀቱን የሚያስተላልፍለት የአሉሚኒየም ዘንግ ይፈልጋል፤ እንጨት ላይ ቢለጠፍ ቶሎ ይሞታል። በሜትር 14 ዋት የሚስብ 2 ሜትር ሪባን 28 ዋት ነው፤ ኃይል ሰጪው ቢያንስ ሩብ ያህል ትርፍ እንዲኖረው 12 ቮልት 3 አምፒር (36 ዋት) ይግዙ። ሰማያዊውን በቀጥታ አተኩረው አይመልከቱት፤ ትሪ ሲያወጡና ሲያስገቡ ያጥፉት።

ነጩን አጥፍተው በሰማያዊ ብቻ እንዳያሳድጉ አደራ። «ሰማያዊ አገዳ ያሳጥራል» የሚለው ሰማያዊው ከሌላ ቀለም ጋር ሲሆን ነው። ሰማያዊ ብቻውን ሲሆን ቀይን የሚያነብበው ተቀባይ በሚገባ ስለማይነቃ፣ ሰናፍጭንና ጎመንን የመሰሉ ቡቃያዎች በተቃራኒው የሚረዝሙበት ሁኔታ አለ። ብዙ አብቃይ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው።

የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ረዳትዎ ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ክፍሉ በራሱ ይቀዘቅዛል። ዘሩ እስኪበቅል ድረስ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ባለበት ያቆዩት፤ ለመጨረሻዎቹ 3 ቀናት ሌሊቱን ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ወዳለበት ክፍል ያዛውሩት። የ16 ሰዓት ብርሃኑ ግን አይጓደል። እድገቱ በ2 ወይም በ3 ቀን ይዘገያል፤ ይህንን ለሆቴሉ በገቡት የማስረከቢያ ቀን ላይ አስቀድመው ያስቡበት። ጎመን ዘርና ፌጦ በዘራቸው አረንጓዴ ስለሆኑ በምንም ዓይነት መብራት ሐምራዊ አይሆኑም።

ጥያቄ፦ ሰማያዊ አምፖል ስላጣሁ ነጩን አምፖል በሰማያዊ ላስቲክ ጠቀለልኩት። ይሠራል? (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ አይሠራም። ላስቲኩ ሰማያዊ አይጨምርም፤ ሌላውን ቀለም ውጦ የነበረውን ሰማያዊ ብቻ ያሳልፋል፣ እሱንም ቀንሶ። ቡቃያው ከበፊቱ ያነሰ ብርሃን ያገኛል። በተጨማሪ አምፖሉ ሙቀቱን ማስወጣት ስለማይችል ዕድሜው ያጥራል፤ ላስቲኩም ሊቀልጥና እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዛሬውኑ ይፍቱት።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ቀን ላይ ክፍሉ 32 ዲግሪ ይደርሳል። መብራቱን ስንት ሰዓት፣ መቼ ላብራ? መብራት በጠፋ ቁጥርስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቡቃያ የሚቆጥረው ያገኘውን የብርሃን መጠን እንጂ ቀን ነው ወይስ ሌሊት የሚለውን አይደለም። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ያብሩ፤ ልክ 16 ሰዓት ይሆናል፤ የመብራቱም ሙቀት ከቀኑ ሙቀት ጋር አይደራረብም። የሚያስገርመው ለደጋውም ለመንዝ የሚመከረው ይኸው ሌሊት ማብራት ነው፤ በዚያ ምክንያቱ ተቃራኒ ነው፣ ውርጩ በሚበረታበት ሰዓት 72 ዋቱ መደርደሪያውን ትንሽ ያሞቀዋል። 24 ሰዓት ማብራት ቡቃያውን ባይገድለውም ከ16 እስከ 18 ሰዓት በላይ ያለው ለቆጣሪው ካልሆነ ብዙ ጥቅም የለውም።

ታይመር ሲገዙ በፈረንጅ ሰዓት መሞላቱን አይርሱ፤ የምሽቱ 12 ሰዓት እዚያ ላይ 18:00፣ የጠዋቱ 4 ሰዓት 10:00 ነው። የ6 ሰዓቱ ልዩነት ተረስቶ መብራቱ እኩለ ቀን ላይ ሲነድ ይገኛል። በሞተር የሚዞረው ታይመር መብራት ሲጠፋ አብሮ ይቆማል፤ ኃይሉ ሲመለስ ከቆመበት ስለሚቀጥል እያደር ሰዓቱ ይዛባል። የውስጥ ባትሪ ያለው ዲጂታሉ ይሻላል።

መብራት ከ6 እስከ 8 ሰዓት ቢጠፋ ቡቃያው ከዘሩ ስንቅ ስላለው አይሞትም። የሚጎዳው ጨለማውና ሙቀቱ ሲገናኙ ነው፤ በሙቀት ውስጥ የቆመ ጨለማ በአንድ ሌሊት 2 ሳንቲ ሜትር ሊያስረዝመው ይችላል። ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ያዛውሩት፤ ቀን ከሆነ መስኮት አጠገብ ያስቀምጡትና በየሰዓቱ ያዙሩት። ብርሃን በሌለበት ሰዓት ውሃ አይጨምሩ። የማይደርቅ እርጥበትና የቆመ አየር ሲገናኙ ሻጋታ ይነሣል። ሥር ላይ የሚታየው ነጭ ጸጉር ሻጋታ መሆኑን ለመለየት ትንሽ ውሃ ይርጩበት፤ የሥር ጸጉር ከሆነ ወዲያው ይጠፋል፣ ሻጋታ ከሆነ እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ ይቆያል፤ ይሸታልም።

ባትሪ ካለዎት ባለ 12 ቮልት ነጭ ሪባን በቀጥታ ይሠራል። 28 ዋት ለ4 ሰዓት 112 ዋት ሰዓት ነው፤ 20 አምፒር ሰዓት የሊድ ባትሪ 240 ቢይዝም ከግማሹ በታች ካወረዱት ቶሎ ስለሚደክም 120ውን ብቻ ይቁጠሩ።

የ220 ቮልቱን መስመርና ውሃን ይለያዩ። ውሃውን ከሥር በሚቀመጠው ትሪ ይጨምሩ፤ ለአንድ ትሪ በቀን ከ250 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ሶኬቱ ከመደርደሪያው በላይ ይሁን፤ ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ዝቅ ብሎ ይታጠፍ፤ በገመዱ የሚወርድ ጠብታ ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ እዚያ ላይ ይንጠባጠባል።

ጥያቄ፦ ከገበያ የገዛሁትን አተር ለማይክሮግሪን ልጠቀምበት? የትኛው ብርሃን ይስማማዋል? (ከአረርቲ)

መልስ፦ አተር በብርሃን አያስቸግርም፤ ከ4,000 እስከ 6,000 ሉክስ ይበቃዋል። ባለ 4000 ኬልቪን ጥሩ ነው፤ አገዳው ለስላሳ ሆኖ ትንሽ ረዘም እንዲል ስለሚፈለግ 3000ም ቢሆን አይከፋም። ለአንድ ትሪ ከ200 እስከ 250 ግራም ደረቅ አተር ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይዘፈዝፉ፤ ለ3 ቀን በጨለማ ያቆዩት። ክክ አይበቅልም፤ ሙሉ አተር መሆን አለበት።

ከብርሃኑ በላይ የሚያሳስበን ዘሩ ነው። በአካባቢያችን ገበያ አተር ከጓያ ጋር ተቀላቅሎ ሊገኝ ይችላል። ጓያ ውስጥ ያለው ኦዳፕ የተባለ መርዝ በብዛት ሲበላ እግር ያሰልላል፤ ዘሩ መብቀሉም መርዙን አያጠፋውም፤ በለጋው ቡቃያ ውስጥም በብዛት ይገኛል። ዘሩን በሰፌድ ዘርግተው አንድ በአንድ ይልቀሙ፤ አተር ክብ ነው፣ ጓያ ማዕዘን ያለውና እንደ ሽብልቅ የተጠረበ ነው። ያመለጠ ካለ ሲበቅል ይለዩታል፤ የአተር ቅጠል ሰፊና ክብ ሲሆን የጓያው ጠባብና እንደ ሣር የረዘመ ነው። ቦሎቄም በጥሬው መርዛማ ስለሆነ ለዚህ አይሆንም። ለእርሻ የተዘጋጀ ቀይ፣ ሮዝ ወይም ሰማያዊ የተቀባ ዘር ካገኙ በመድኃኒት የታሸ ነው፤ ታጥቦም ለምግብ ቡቃያ አይውልም።